ለደንበኞቻችን፦ የባለብዙ ካሜራ ቪዲዮ የምንጨምቅበት አሠራር ስለመቀየሩ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በብዙ ካሜራ ቀርፃችሁ የምትልኩልንን ቪዲዮ የምንጨምቅበትን አሠራር ቀይረናል። ሥራው የሚፈጥነው ግን ቀረፃው የተስተካከለ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ የተለወጠውን ነገር ማወቃችሁ ይጠቅማችኋል።

ኤች.264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት የባለብዙ እይታ አሠራር፣ 16 በ16 ፒክስል የሆነ እያንዳንዱ ብሎክ (የምስሉ ቁራጭ) አምሳያውን፣ ማለትም እሱን የሚመስለውን የምስል ክፍል፣ በራሱ ካሜራ ሌሎች ፍሬሞችም፣ በጎረቤት ካሜራም ይፈልጋል። ፍለጋው በየአቅጣጫው 96 ፒክስል ከሆነ 193 በ193፣ ማለትም 37,249 ነጥብ መፈተሽ አለበት። 8 ካሜራዎች በ1920 በ1080 መጠን፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀርፁ ደግሞ በየሰከንዱ 1,632,000 ብሎክ ይኖራል። ሰዓቱን የሚበላው ይኸው ነው።

ካሜራዎቹ በአንድ መስመር ትይዩ ከቆሙ፣ አንድ ነገር ከካሜራ ካሜራ ቦታ የሚቀይረው ወደ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ በካሜራዎች መካከል የሚደረገውን ፍለጋ ወደ ላይና ወደ ታች 8 ፒክስል ላይ ገድበነዋል። የሚፈተሸው 3,281 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ከ11 እጥፍ በላይ ያነሰ ማለት ነው። አንዱ ካሜራ ካጋደለ ግን አምሳያው ከክልሉ ውጭ ይወድቃል፤ ልዩነቱን ለመመዝገብ ተጨማሪ ቢት (መረጃ) ስለሚያስፈልግም ፋይሉ ያብጣል።

ርቀትም ወሳኝ ነው። ካሜራዎቹ 10 ሴንቲሜትር ተራርቀው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 1,000 ፒክስል ቢሆን፣ 2 ሜትር ላይ የቆመ ሰው በሁለቱ ምስሎች መካከል 50 ፒክስል ይለያያል። 1 ሜትር ድረስ ሲጠጋ ልዩነቱ 100 ይደርስና ከ96ቱ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቀረፃ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ የጎኑን ክልል እናሰፋዋለን።

ሌላው ለውጥ፣ በጎረቤት ካሜራ ብሎኩና በዙሪያው ያሉት የታለፉ ከሆነ፣ ማለትም ያለ ተጨማሪ መረጃ ከአምሳያቸው እንዳሉ ከተገለበጡ፣ መጀመሪያ ማለፍን እንሞክራለን፤ ወጪው (የምስሉ ስህተትና የሚፈጀው ቢት) ከገደቡ በታች ከሆነ ሌሎቹን አማራጮች አንፈትሽም። ጸጥ ባለ የጀርባ ምስል ላይ ትልቅ እፎይታ ነው። ለአንዱ ካሜራ ታይቶ ለሌላው በሚጋረድበት የሰው ጠርዝ ላይ ግን አንጠቀምበትም፤ ብዥታ ያመጣል።

ስለዚህ አውቶማቲክ ኤክስፖዠርንና (የብርሃን ማስተካከያ) አውቶማቲክ ዋይት ባላንስን (የቀለም ማስተካከያ) አጥፍታችሁ በሁሉም ካሜራ እኩል አድርጉ። ብርሃኑ ከተለያየ አምሳያው አይገጥምም፤ ማለፉም ስለማይሠራ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም) ወደ ረጅሙ ፍለጋ ይመለሳል። ካሜራዎቹንም አመሳስሉ፤ የአንድ ፍሬም መዛነፍ 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ የሚወዛወዝ እጅ በሁለቱ ምስሎች ላይ በተለያየ ከፍታ ይገኛል። ከቀረፃው በፊት የቼዝ ሰሌዳ ሥዕል ለሁሉም ካሜራ አሳይታችሁ ፋይሉን አብራችሁ ላኩልን፤ መጠነኛ መጋደልን በእሱ እናቃናለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የኢንኮዲንግ ክፍል