ሩብ ከማይሞላው ሆዴ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል። አሁን «ሰላም» ሲል ፉጨት ይቀድመዋል። ትልቋ በሒሳብ ሁለተኛ ወጥታ፣ አንደኛ የወጣውን ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታማ ከረመች። በማን እንደወጣች እኔ አልናገርም። ያኔ የላክሽላት ሹራብ ጠቧታል። አላወልቅም ብላ ትተኛበታለች።

ይኸው፣ ወረቀቱን በልጆቹ ወሬ ልጨርሰው ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ ቀድጄዋለሁ።

«ሁላችንም» ያልኩት ልክ አይደለም። ልጆቹ ደህና ናቸው። አባታቸውም ደህና ነው። እኔ ነኝ ያልነበርኩት።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ግን እማዬ፣ ሆዴ ራሱ ሩብ እንኳ አልቀረም። ይህን ሁሉ የት ያስቀምጠው?

ከ11 ሳምንት በፊት ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አስቀነስኩ። ለሥራ ስልጠና ሄጃለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽም ውሸት ነው። ድምፄ የተዘጋው በጉንፋን አልነበረም። በአፍንጫዬ ቱቦ ገብቶ ነበር።

ለምን እንዳደረግኩት ባጭሩ ልንገርሽ። 124 ኪሎ ደርሼ ነበር። ስኳሬ በክኒን አልገዛ አለ። ሌሊት ትንፋሼ እየተቆረጠ ባለቤቴ ስንት ጊዜ ደንግጦ ቀስቅሶኛል። ትንሽ በልቶ ብዙ መራመዱን ለ20 ዓመት ሞክሬዋለሁ። 15 ኪሎ ይሄዳል፣ 18 ሆኖ ይመለሳል። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ረሃቡን እየጨመረ እንደሚታገል ሐኪሙ ሲያስረዳኝ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አንቺም እንደዚያ ይመስልሽ ነበር። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የተሠራሁት ስሊቭ የሚሉትን ነው። በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው ከጨጓራው ሦስት አራተኛውን፣ አንዳንዴም እስከ 80 በመቶውን ቆርጠው ያወጣሉ። የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ክፍል አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ብረት ይሰፋል። በ2ኛው ቀን በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ሆዴ ላይ የደም መርጋት መከላከያ መርፌ መውጋት ተማረ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወጋኝ። ትልቋ «አይዞህ» ትለዋለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

በ8ኛው ቀን ማታ ግራ ትከሻዬን አመመኝ። ጋዙ ነው አልኩ። ለቀዶው ሆድን በጋዝ ስለሚነፉት ትከሻ ያማል፣ በጥቂት ቀን ይተዋል ብለውኝ ነበር። የኔ ግን ከተወኝ በኋላ ነው ተመልሶ የመጣው። ልቤ ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው ይመታል። እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ቆጥሮ 128 አለኝ። ደግመህ ቁጠር አልኩት። 130። ትኩሳቱ 38.6። ስንወጣ በሰጡን ወረቀት ላይ የልብ ምት ከ120 ካለፈ ሳትቆዩ ኑ ይላል። እኔ ግን እስኪነጋ እንጠብቅ አልኩ፣ በውድቅት ሌሊት ሰው ላለማስቸገር። (ይሄ ያንቺ ነው። ሰው አታስቸግሪ ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።) እሱ አልሰማኝም። መርቂልኝ።

ድንገተኛ ክፍል አንድ ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ አጠጥተው ሲቲ ስካን አነሱኝ። የጠጣሁት መሄድ ያለበት ቦታ አልሄደም። ስፌቱ ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ ከሚገናኝበት አጠገብ ለቋል። ሐኪሞቹ «ሊክ» ይሉታል። ከመቶ ሰው አንድ ሁለቱ ላይ እንደሚደርስ ተነግሮኝ ፈርሜበታለሁ። ስፈርም ግን እኔ ከ98ቱ ነበርኩ።

በጎኔ ቱቦ አስገብተው መግሉን አፈሰሱ። በአፌ በኩል ደግሞ ቀዳዳውን ከውስጥ እንዲሸፍን ስቴንት የሚሉትን ቱቦ አስቀመጡ። በአፍንጫዬ እስከ ትንሹ አንጀቴ የሚደርስ ቀጭን የምግብ ቱቦ ገባ። ለ24 ቀን በአፌ ምንም አልቀመስኩም። ውኃም ጭምር። ነርሷ ከንፈሬን በረጠበ ጥጥ ስትጠርግልኝ ጥጡን በጥርሴ ልይዘው ምንም አይቀረኝም ነበር። ስቴንቱ ደረት ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ነው። ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። 6 ሳምንት ከእኔ ጋር ቆየ።

አጠገቤ አንዲት ሴት ነበረች። እሷም ክብደት ለመቀነስ ነው የተሠራችው። ቤቷ ሆና ለሳምንታት እያስመለሳት «ይለመዳል» ብላ ዝም ብላለች። ስትመጣ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያታል። ስትራመድ ትንገዳገዳለች። ቀኑን ስትጠየቅ አታውቅም። ቫይታሚን ቢ 1 አልቆባት ነው። ሰውነት የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው አሉን። ግሉኮስ ከመስቀላቸው በፊት ቢ 1ን በደም ሥሯ ሰጧት። ዓይኗ ቶሎ ተመለሰ። እርምጃዋ ግን ዘገየ። እኔ ስወጣ አሁንም ግድግዳ ይዛ ነበር የምትሄደው። ከዚያ ወዲህ ማስመለስን ንቄ አላልፍም። ሁለት ቀን ከተከታተለ እደውላለሁ፣ ማንንም ባስቸግር።

አሁን ቤት ነኝ። ትልቁ ሥራዬ ውኃ መጠጣት ነው። አትሳቂ። በቀን 1.5 ሊትር መሙላት አለብኝ፣ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ግን ሁለት ጉንጭ ነው። ስልኬ በየ10 ደቂቃው ይጮኻል። ከምግብ ጋር ደግሞ አይጠጣም፣ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለ። አንድ ጊዜ ሰልችቶኝ ሁለት ቀን ተውኩት። ሽንቴ ጠቆረ፣ ስነሣ ዞረብኝ፣ ተመልሼ ገብቼ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። ክኒኑም ብዙ ነው። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ሐሞት ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ስለሚችል ለእሱም 6 ወር የምውጠው አለ።

ፕሮቲኑ ቢያንስ 60 ግራም ይሁን ተብያለሁ። ትልቋ በትንሽ ሚዛን እየመዘነች ደብተር ላይ ትጽፍልኛለች። የሚገርመው፣ ሳህኔ ላይ ያለው ሲቆጠርብኝ አላመመኝም። አንቺ ስትቆጥሪው ነበር የሚያመኝ።

እንግዲህ ደረስኩበት።

የደበቅኩሽ እንዳታዝኚ ብዬ አይደለም። እንዳትደሰቺ ፈርቼ ነው።

በ3ኛው ሳምንት ደወልሽ። ቱቦው በአፍንጫዬ ነበር። «ድምፅሽ ቀጠነ» አልሽ። ቀጥለሽ «ከሳሽ እንዴ?» አልሽኝ። ፈገግታሽ በስልክ ይሰማ ነበር እማዬ። «ትንሽ» አልኩሽ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አልሽ። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ስመረቅ እንኳ እንደዚያ አላልሽኝም።

አላወቅሽም። እሱ ይገባኛል። ብታውቂ በዚያ ጉልበትሽ ተነሥተሽ ትመጪ ነበር።

14 ዓመቴ ነበር። ለእህቴ ምርቃት ልብስ ሰፊው ቤት መጥቶ ሲለካን ታስታውሺያለሽ? ወገቤን ለክቶ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አየው። «ጨርቁ ይበቃ ይሆን?» አለ። አንቺ «ካልበቃ መጋረጃውን አውርደን እንጨምርላታለን» አልሽ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አክስቶቼ ሳቁ። አባዬ ጋዜጣውን ወደ ፊቱ ከፍ አደረገ። እኔም ሳቅኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። መጋረጃው ብርቱካናማ አበባ ነበረው። እስከ ዛሬ ብርቱካናማ ልብስ አልለብስም። ለምን እንደሆነ ለባለቤቴም አልነገርኩት።

ማታ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ግን ሳህን በጨርቅ ሸፍነሽ መኝታ ቤት አመጣሽልኝ። ጥሩ ጥሩውን ለእኔ አስቀርተሽ። ምንም አላልሽም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ እስክጨርስ ጠበቅሽኝ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበርሽ። ቀን በአፍሽ የነጠቅሽኝን ማታ በእጅሽ ትመልሺልኝ ነበር። እኔም እበላው ነበር። ጠግቤም እበላው ነበር። ካስተረፍኩ ይቅርታሽን የገፋሁ ይመስለኝ ነበር።

ውፍረቴን አንቺ ላይ ልጭን አይደለም። ሐኪሙም ዘር አለበት ብሎኛል። ስኳሩ አያቴም ነበረባት፣ አንቺም አለብሽ። ያቺን ሳህን ደግሞ ባታመጪልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አይመስለኝም። ብቻ ልታውቂው ፈልጌ ነው። 41 ዓመት ሞልቶኝ በዚህ ነገር ማልቀሴ እኔንም ያናድደኛል።

ተጸጽተሻል ወይ ትይኛለሽ። ቀን በቀን ይለያያል። ስቴንቱ ደረቴ ውስጥ እያለ ሌሊት ሌሊት ምነው እጄን በሰበረው እያልኩ የፈረምኩበትን ቀን እረግም ነበር። አሁን ስኳሬ ያለ ክኒን ልክ ሆኗል። ባለቤቴ እስኪነጋ ይተኛል። ከትንሹ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ያለ ሰው እርዳታ ተነሣሁ ባለፈው። እሱ ምንም አልገረመውም፣ መኪናውን መግፋት ቀጠለ። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

በነገራችን ላይ፣ ለጉልበትሽ የምትውጪው ክኒን ምንድን ነው? ከካርቶኑ ላይ ስሙን አንብበሽ ላኪልኝ። ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከሆነ በባዶ ሆድ አትውሰጂው። እኔን ጨጓራ ያቆስላል ብለው ጭራሽ ከልክለውኛል። ላንቺ ደግሞ የደም ግፊትሽን ከፍ ሊያደርግ፣ ኩላሊትሽንም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪምሽን ጠይቂ። «ጎረቤት ሰጥታኝ ነው» የሚል መልስ አልቀበልም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እንመጣለን።

29 ኪሎ ቀንሻለሁ። ስንቱ የቀዶው ስንቱ የሕመሙ እንደሆነ እንጃ። ፊቴ ረግቧል። ፀጉሬ መርገፍ ጀምሯል። ተመልሶ ይበቅላል ብለውኛል፣ ግን ስታበጥሪኝ እጅሽ ላይ ሲቀር እንዳትደነግጪ። በሩን ስትከፍቺ እንግዲህ «እሰይ» እንዳትይ። «አማረብሽ»ም እንዳትይ። ትንሹ ዘሎ እላይሽ ላይ ወጥቶ ያፏጭልሻል። እሱን አቅፈሽ ትንሽ ቆዪ። ከዚያ እኔን እይኝና እንዴት ነሽ በይኝ።

ሌላም አለ። ሳህን ልትሞይልኝ እንደምትቸኩይ አውቃለሁ። ከአራት ማንኪያ በላይ አይገባልኝም። አምስተኛው ሲመለስ ታይኛለሽ፣ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሳስተርፍ ፊትሽ እንዳይለወጥብኝ ብዬ ነው ከአሁኑ የምነግርሽ። በሳህን ልትዪኝ ያሰብሽው ነገር ካለ በአፍሽ በይኝ። ካልቻልሽም አጠገቤ ቁጭ በይ፣ እንደዚያን ጊዜው፣ አልጋው ጫፍ ላይ።

ሾርባ ሳትሠሪ እንደማትቀሪ የታወቀ ነው። ቀጠን አድርጊው። በትንሹ ሳህን።

ልጅሽ

የክኒኑን ስም እንዳትረሺ። መነጽርሽን አድርገሽ አንብቢው፣ በግምት አትንገሪኝ።