በሩ ለምን በተቃራኒው ተከፈተ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ወደ ውስጥ መከፈት ያለበት በር ወደ ውጭ ተከፈተ» የሚል ቅሬታ ደጋግሞ ደርሶናል። የላክንላችሁ የስሪዲ ሞዴል (በኮምፒውተር የተሠራ ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ) አልተበላሸም። ጥፋቱ ግን የእኛ ነው፤ «90 ዲግሪ» ብለን ጻፍን እንጂ በየትኛው እጅ እንደተለካ አልነገርናችሁም።

እስቲ የቀኝ እጃችሁን አውራ ጣት ሽቅብ ቀጥ አድርጋችሁ ሌሎቹን ጣቶች እጠፉ። ከላይ ሆናችሁ ስታዩአቸው የሚታጠፉት ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። በግራ እጃችሁ ድገሙት፤ አሁን ከሰዓቱ ጋር ይዞራሉ። ጣቶቹ የሚታጠፉበት አቅጣጫ የፕላስ ማዕዘን አቅጣጫ ነው። ሞዴሉን የምንሠራበት ፕሮግራም ብሌንደር የቀኝ እጅን ሕግ ይከተላል፣ የጌም መሥሪያው ዩኒቲ ደግሞ የግራን። ስለዚህ በብሌንደር ማጠፊያው ላይ ፕላስ 90 ያልነው በር፣ ያው ቁጥር ዩኒቲ ውስጥ ሲጻፍ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ለዚያውም ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ከሚባሉት ሦስት ዛቢያዎች (የአቅጣጫ መስመሮች) ሽቅብ የሚያመለክተው በብሌንደር ዜድ፣ በዩኒቲ ዋይ ነው። ሌላው የጌም መሥሪያ አንሪል እንደ ብሌንደር ዜድን ሽቅብ ቢያደርግም እጁ ግራ ነው፤ ሽቅቡ ስለተመሳሰለ ብቻ መዘናጋት አያዋጣም።

«ታዲያ ሁሉንም ማዕዘን ማይነስ ብናደርገውስ?» ያላችሁን አላችሁ። አይሠራም። ዜድን ብቻ ገልብጠን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስንሻገር፣ በኤክስና በዋይ ዙሪያ ያሉት ማዕዘኖች ምልክታቸው ይቀየራል፤ በዜድ ዙሪያ ያለው ግን ባለበት ይቀራል። ዛቢያውም እጁም አብረው ስለተገለበጡ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። እኛም መጀመሪያ የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳው ከፊት ጠፍቶ ከጀርባ ብቻ የታያችሁም ካላችሁ ምንጩ ያው ነው። ሞዴል እንደ መስታወት ምስል ሲገለበጥ የገጾቹ (ሞዴሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ጠፍጣፋ ክፍሎች) የማዕዘን ነጥቦች ቅደም ተከተልም ይገለበጣል። ፕሮግራሙ የገጹን ፊት ከጀርባው የሚለየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ጀርባ ያለውን ሳይስለው ሊቀር ይችላል። ምስሉን በስክሪን ላይ ከሚስሉት ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ኦፕንጂኤል፣ ካልቀየሩት በቀር፣ በሰዓት ተቃራኒ የተደረደረውን ገጽ ፊት ይለዋል፤ ሌላው ሥርዓት ዳይሬክት ስሪዲ ደግሞ ከሰዓቱ ጋር የተደረደረውን።

ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ሽቅብ የሚሄደውን ዛቢያና እጁን ጽፈን እንልካለን። እናንተም ስታዙ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ንገሩን። ሲደርሳችሁ 30 ዲግሪ አዙራችሁ ፈትሹት። በ180 አትፈትሹ፤ በቀኝም ዞራችሁ በግራ የምትደርሱት አንድ ቦታ ስለሆነ ስህተቱ ይደበቃል።

በተቃራኒ የተከፈቱትን በሮች ያለ ክፍያ እናስተካክላለን፤ የፋይሉን ስም ብቻ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞዴል ዝግጅት ክፍል