ሰሙን ተዉልንና ስድቡን ፃፉ

ይድረስ ለመዝናኛ አምድ አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ። ስለ ሮክ ዘፈን ግጥሞች ያወጣችሁትን ፅሁፍ ደጋግሜ አነበብኩት፣ መጀመሪያ ተናደድኩ ከዛ ደግሞ አዘንኩ፣ ምክንያቱም ፀሀፊው የተነሳበት ጭንቀት የኔም ጭንቀት ነው፣ ልጆች ምን እየሰሙ ነው የሚያድጉት የሚለው ማለቴ ነው። ጭንቀቱን ይዞ የሄደበት መንገድ ግን ትክክል አይደለም። ፅሁፉ ባጭሩ የሚለው ሮክ ብልግናን ሸፋፍኖ የሚያወራ ሙዚቃ ነው፣ የኛ ዘፈን ግን ጨዋ ነው፣ ስለዚህ ሬድዮ ጣቢያዎችም በየሆቴሉ የሚጫወቱ ባንዶችም እነዚህን ዘፈኖች ይተዉ ነው። እኔ ከነዛ ባንዶች ባንዱ ውስጥ ነው የምዘፍነው፣ ስታዲየም አካባቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ማታ፣ አብዛኛው የምንጫወተውም የድሮ ሮክ ከቨር (ሌሎች የዘፈኑትን መልሶ መጫወት) ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የኛ ዘፈን ጨዋ ነው የሚለውን እስቲ እንየው። የድሮው ካሳንቺስ ሳይፈርስ አዝማሪ ቤት ገብቶ ያመሸ ሰው የማወራው ይገባዋል። አንዱ ደንበኛ ከተቀመጠበት ሆኖ "ተቀበል!" ይልና ስለ ሙቀጫና ስለ ዘነዘና ሁለት መስመር ይወረውራል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ይቀበለዋል፣ ሰሙ ቡና መውቀጥ ነው፣ ወርቁን ማንም ለማንም አያስረዳም ግን ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚስቁ እናቶች ነበሩ፣ ዝም ብለው የሚስቁ እንዳይመስላችሁ፣ ቀጥሎ "ተቀበል" የምትለው ከነሱ አንዷ ናት፣ እና ሰውየው የሰጠውን ግጥም የምትመልስለት ዘነዘናው መሰበሩን ወይ መዶልዶሙን ነግራ ነው። ሰርግ ላይስ? ሚዜዎቹና የሙሽሪት ጓደኞች የሚወራወሩት ምንድነው? ከዚህ ሁሉ በፊትም እኮ እንዲህ የሚል የቆየ ግጥም አለን፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

ላይ ላዩን አዳምና ስቅለት ነው፣ ውስጡ የአንዲት ሴት ከንፈርና በሷ የተሰቀለ ልብ ነው። ይሄንን የገጠመ ሰው ባለጌ ነው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ሁሉም "ቅኔ" ነው የሚለው።

ወደ ሮክ ስንመጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው) ነገሩ ሮክ ኤንድ ሮል ከሚለው ስሙ ይጀምራል፣ ትሪክሲ ስሚዝ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የብሉዝ ዘፋኝ በ1922 ሮክንና ሮልን በአንድ ዘፈን ርዕስ ላይ አስቀምጣ ስትዘፍን የምታወራው ስለ ወንዷ ነበር፣ ሰሚው ደግሞ ገብቶታል። የብሉዝ ዘፋኞቹ ነገሩን በቀጥታ ቢሉት ሪከርድ አሳታሚውም አይቀበላቸውም፣ ስለዚህ የወጥ ቤቱንም የጓሮውንም ነገር ሁሉ ተጠቀሙበት፣ ሮበርት ጆንሰን በ1937 ስለ ሎሚ መጭመቅ ዘፈነ፣ ሌድ ዘፕሊን የሚባሉት የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ያንኑ ሎሚ በ1969 ወስደው በኤሌክትሪክ ጊታር አጮሁት። ትንሹ ሪቻርድ (ሊትል ሪቻርድ ማለቴ ነው) በ1955 ቱቲ ፍሩቲን ኒው ኦርሊንስ ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀዳ ናይት ክለብ ውስጥ የሚለው ግጥም ለሬድዮ የሚሆን አልነበረም፣ ዶሮቲ ላቦስትሪ የምትባል ገጣሚ ተጠርታ ቃሎቹን ቀየረችለት፣ እና የተቀየረው ግጥም ህፃን ልጅ ፊት የሚዘፈን ነው፣ ጩኸቱና ትንፋሹ ውስጥ ግን የድሮው ነገር ቁጭ ብሏል። እኔ ይሄንን ዘፈን ስዘፍን ሁሌ የማስበው ያቺን ሴት ነው፣ ምክንያቱም ስራው የሷ ነው፣ ሳትገድለው ማልበስ።

ፅሁፋችሁ ላይ በጣም ያሳዘነኝ ግን እያንዳንዱን ስንኝ እየፈታችሁ ይሄ ማለት ይሄ ነው ብላችሁ በዝርዝር ማውጣታችሁ ነው። ጋዜጣው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ልጆች ያነቡታል። የእህቴ ልጅ ገና ዘጠኝ አመቷ ነው፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሲንዲ ላውፐር በ1984 ሂት ያደረገችውን ሺ ቦፕን ከኔ ሰምታ ይዛዋለች፣ ሳሎን ውስጥ ፀጉሯን እየበተነች ኮረሱ ላይ ትዘላለች፣ ለሷ ዘፈኑ ስለ ዳንስ ነው። እውነተኛው ርዕሱ አንዲት ሴት ከራሷ ገላ ጋር ስላላት ነገር ነው፣ ላውፐርም ራሷ ስትናገር የፈለገችው ልጆች ስለ ዳንስ መስሏቸው እንዲሰሙት፣ ሲያድጉ ደግሞ እንዲገባቸው ነው። አያችሁ፣ ሽፋኑ የተሰራው ለልጆቹ ተብሎ ነው! ልጅቷን እድሜዋ ላይ ይተዋታል፣ ትልቁ ሰው ደግሞ እድሜው የፈቀደለትን ይሰማል፣ ሁለቱም አንድ ሳሎን ውስጥ ሳይተፋፈሩ ይቀመጣሉ። እናንተ ያንን ሽፋን ገፋችሁት፣ ከዛ ደግሞ ተገለጠ ብላችሁ ትከሳላችሁ።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1985 ቲፐር ጎርና ሌሎች የባለስልጣን ሚስቶች ማህበር አቋቁመው አስራ አምስት ቆሻሻ ዘፈኖች ብለው ዝርዝር አወጡ፣ ሺ ቦፕ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። መስከረም ላይ ጉዳዩ ሴኔት ፊት ቀረበ፣ ዘፋኞቹ ፍራንክ ዛፓም ጆን ዴንቨርም ሄደው ተናገሩ፣ እኔ ግን የማልረሳው ትዊስትድ ሲስተር የሚባለውን የሮክ ባንድ ዘፋኝ ዲ ስናይደርን ነው። አንደኛው ዘፈናቸው ሴትን አስሮ ስለማሰቃየት ነው ተብሎ ተፅፎበት ነበር፣ እሱ ደግሞ የባንዱ ጊታሪስት ጉሮሮው ላይ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ሲል ስለነበረው ፍርሀት ነው የፃፍኩት፣ ያ የምትሉት ነገር ያለው ቲፐር ጎር ሀሳብ ውስጥ ነው አለ። ከሱ በፊት ደግሞ ሉዊ ሉዊ አለ፣ ኪንግስመን የሚባሉ ባንድ በ1963 የቀዱት፣ ዘፋኙ የሚለው በደንብ ስለማይሰማ ወጣቶች የራሳቸውን ብልግና ሞሉበት፣ ወላጆች አቤት አሉ፣ የአሜሪካው የፌደራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ሪከርዱን በተለያየ ፍጥነት እያጫወተ ከሁለት አመት በላይ መረመረውና ምንም መለየት አልተቻለም ብሎ ዘጋው። ዘፈኑ እኮ አንድ መርከበኛ ጃማይካ ያለችውን ልጅ ናፍቄያለሁ እያለ የሚያወራበት ነው። እኛም በደርግ ጊዜ በሳንሱር አልፎ የወጣ የፍቅር ዘፈን ሁሉ የፖለቲካ ትርጉም ሲፈለግለት የኖርን ህዝብ ነን፣ ትርጉም ፍለጋ አንዴ ከተጀመረ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ሁሉም ነገር ይዘፈን ነው ወይ የምትይው ብትሉኝ አይደለም። እኔ ሴት ነኝ፣ እነዚህ ዘፈኖች ደግሞ አብዛኞቹ በወንድ አፍ ስለ ሴት ገላ የተፃፉ ናቸው፣ እኔ ነኝ ስቴጅ ላይ ቆሜ አፌ ውስጥ የማስገባቸው፣ ስለዚህ አንድን ዘፈን ስመርጥ የምጠይቀው ሴትየዋ ጨዋታው ውስጥ አለች ወይ ብዬ ነው፣ እንደዛች "ተቀበል" እንደምትለዋ ሴትዮ መመለስ ትችላለች ወይ። የሎሚው ዘፈን ላይ አለች፣ ሰውየው እየለመናት ነው። ኪስ (Kiss) የሚባሉት የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ1977 ያወጡት ክሪስቲን ሲክስቲን የሚለው ላይ ግን የለችም። የ16 አመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ያየ ትልቅ ሰው የግድ የኔ መሆን አለባት ሲል ነው የምንሰማው፣ እሷ አንዲት ቃል አትናገርም። ቅኔ የለው፣ ሽፋን የለው፣ አንድም የብልግና ቃል ደግሞ የለውም፣ እና የነቲፐር ጎር ዝርዝር ውስጥ አልገባም፣ እናንተም አልነካችሁትም። ደንበኛ ሲጠይቀን አንጫወትም፣ ጊታሪስታችን ሪፉን (የሚደጋገመውን የጊታር ዜማ) ቢወደውም ተስማምቷል፣ ተጨቃጭቀንበታል ግን ተስማምቷል።

በራሳችን ቋንቋም እንደዛው ነው። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሴትን እንደ እቃ በዋጋ የሚጠራ፣ እምቢ ካለች ደግሞ የሚዝትባት ዘፈን እስከ መጨረሻው ድምፅ ተከፍቶ እንሰማለን፣ ጋቢና የተቀመጠውም ኋላ ያለነውም ዝም፣ ረዳቱም አብሮ እያዜመ ሂሳብ ይሰበስባል። ቃሎቹ ሁሉ ንፁህ ስለሆኑ ጨዋ ዘፈን ተብሎ ያልፋል። ልጅ ከዚህ ነው የሚማረው፣ ምክንያቱም ይሄ የሚገባው አሁኑኑ ነው፣ ለማደግ መጠበቅ የለበትም። የሎሚውን ነገር እስኪያድግ አይገባውም፣ የዛቻውን ግን እየሰማ ይቀረፅበታል።

ጃኖ ባንድ ኤርታሌ የሚለውን አልበሙን በ2012 ካወጣ ወዲህ በአማርኛ ሮክ መስራት ይቻላል ብለው የተነሱ ወጣቶች አሉ፣ ግጥም የሚፅፉ ልጆች እኛ ጋር መጥተው ያሳዩኛል፣ አንዳንዶቹ በጣም ጎበዝ ናቸው፣ ሰምና ወርቁን ከዲስቶርሽን (ከሻካራው የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ) ጋር ለማስኬድ የሚታገሉ። እናንተ ስታወግዙ እነዚህ ልጆች ናቸው የሚፈሩት፣ ወይ ደግሞ ቅኔውን ትተው በቀጥታ ወደ መሳደቡ የሚሄዱት፣ ምክንያቱም ለተሸፈነውም ላልተሸፈነውም ውግዘቱ አንድ ከሆነ ለመሸፈን ማን ይደክማል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ በሚቀጥለው ስትፅፉ ስንኝ መፍታቱን ተዉትና ሴት ላይ የሚዝቱትን ዘፈኖች በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያሉትን አንሱ፣ የሚዘፍኑትን ሴቶችም ጠይቁ፣ ያወጣችሁት ፅሁፍ ላይ አንድም ሴት ድምፃዊ አልተጠየቀችም። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ላይ ነን፣ ጋዜጠኛ መላክ ከፈለጋችሁ ፕሌይሊስታችንን ከነምክንያቱ እናሳያለን፣ የጣልናቸውንም ጭምር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ድምፃዊት፣ ከስታዲየም አካባቢ