የሴንት ኤልዛቤትስ መሪዎች ታሪክ ሳይሸራረፍ ይነገር፦ ለዲሲ የባሕርይ ጤና መምሪያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለዋሽንግተን ዲሲ መንግሥት የባሕርይ ጤና መምሪያ

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በዚህች ከተማ የምኖር፣ ሐኪም ፊት ለሚቀርቡ ወገኖቼ በአማርኛ ሳስተረጉም የቆየሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ሴንት ኤልዛቤትስ ከሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ልጃቸውን ጠይቀው የወጡ እናት ደጅ ላይ ቆም ብለው፣ «ይህን ቤት ድሮ ያስተዳድሩ የነበሩት እነማን ናቸው? እንደ እኛ ያለውን ጥቁርስ እንዴት ይይዙት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ ታሪኩን ማንበብ ጀመርሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያነበብሁት ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1844 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡ 13 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊዎች የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የሚባለው የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ነው። መሥራቾቹ በሙሉ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ስለነበሩ ማኅበሩን መምራትና ሆስፒታል ማስተዳደር ለረጅም ዘመን በአንድ ሰው እጅ የሚውል ሥልጣን ሆኖ ቆየ። ለአእምሮ ሕሙማን ትሟገት በነበረችው በዶሮቲያ ዲክስ ጥረት በ1855 የተከፈተውና የከተማችን መንግሥት በ1987 ከፌዴራሉ መንግሥት የተረከበው ሴንት ኤልዛቤትስም ከኃላፊዎቹ መካከል ቻርልስ ኒኮልስን፣ ዊልያም ጎዲንግን፣ ዊልያም አላንሰን ኋይትንና ዊንፍሬድ ኦቨርሆልሰርን በየጊዜያቸው ለማኅበሩ ፕሬዚዳንትነት አብቅቷል። ለአንድ ሆስፒታል ይህ ትልቅ ክብር መሆኑን አልክድም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ኃላፊ ኒኮልስ ባስተዳደሩበት ዘመን ጥቁር ሕሙማን ከዋናው ሕንጻ ተለይተው «ሎጅ» በሚባል ቤት እንዲቀመጡ ተደርጓል፤ በዘር መለያየቱም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዘልቋል። ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ የዶክተር ኋይት ነገር ነው። ከ1903 እስከ 1937 ሆስፒታሉን የመሩት እኚህ ሰው ቀድሞ በዚያው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዋልተር ፍሪማን በ1936 በዚህችው ከተማ ሎቦቶሚ የሚባለውን የአንጎል ቀዶ ሕክምና በጀመረ ጊዜ፣ ሐኪሙ በእርሳቸው ሕሙማን ላይ እጁን እንዳያነሳ ከልክለዋል። ያ ቀዶ ሕክምና ከዚያ በኋላ በየስቴቱ ስንቱን ሰው እንደጎዳ ለሚያውቅ፣ ክልከላው ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን ሕሙማኑን ከቢላዋ የጠበቁት እኒሁ ሐኪም ጥቁሮቹንና ነጮቹን ለያይቶ የሚያስተኛውን ሥርዓት እንደነበረ አስቀጥለዋል። ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ነውና ስለ እርሳቸው ሲነገር አንዱን ብቻ መርጦ መናገር ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የሐኪሞቹ ማኅበር ራሱ በሙያው ውስጥ ዘረኝነት እንደኖረ ለማመን ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በ1969 ጥቁር የአእምሮ ሐኪሞች ቸስተር ፒርስን ፕሬዚዳንት አድርገው የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል፤ አልታ ስቱዋርት የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን በ2018 ነው፤ ከምሥረታው 174 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በጥር 2021 ደግሞ ማኅበሩ በሙያው ውስጥ ለኖረው ዘረኝነት በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። መምሪያችሁ ስለ ሆስፒታሉ ታሪክ ለሕዝብ በሚያቀርበው ጽሑፍና ዐውደ ርእይ ሁሉ የእነዚህ መሪዎች ክብርና የሎጆቹ ታሪክ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይስፈር፤ ይህም በአማርኛ ይዘጋጅ። የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ቅጾቻችሁን በአማርኛ እንድናነብ አስችሎናል፤ ለዚህም እናመሰግናለን። የታሪክ ጽሑፍ በሕጉ አስገዳጅ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሆኖም ከመካከላችን ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን በቤት ደብቆ ወይም በጸበል ብቻ እያስታመመ የሚቆየው ሆስፒታሉን ስለማያምን ነው፤ እምነቱም በቅጽ ብቻ አይገኝም።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብትልኩልኝ ለእኚያ እናት ተርጉሜ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዲሲ ነዋሪ አስተርጓሚ