ለልጄ፦ በፋሲካ ማዕድ ላይ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ፈተናሽን ጨርሰሽ እስክትመጪ ቀን እየቆጠረች ነው።

በፋሲካ ዕለት እንግዶቻችን ከማዕድ ሳይነሡ፣ የማደሪያ ጓደኛሽ አያት የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች የተዋጉበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሣው በግዛቶች መብት፣ ማለትም እያንዳንዱ ግዛት ጉዳዩን በራሱ የመወሰን መብት፣ እንጂ በባርነት ምክንያት አይደለም ብለው እንዳስረዱሽ አጫወትሽን፤ ቀጥለሽም ወደ እኔ ዞር ብለሽ «አባዬ፣ እውነት ነው እንዴ?» አልሽኝ። በእንግዳ ፊት ክርክር መክፈት ስላልወደድሁ «ኋላ እንነጋገርበታለን» ብዬ አለፍሁት፤ አንቺም በማግስቱ ወደ ትምህርትሽ ተመለስሽ። ደሴ ታሪክ አስተምር በነበረበት ጊዜ ይህን ጦርነት በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እሻገር ነበር፤ እዚህ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድርያ መጥቼ ታክሲ መንዳት ከጀመርሁ በኋላ ግን በየመንገዱ እያገኘሁት እንደ አዲስ ተማርሁት።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ በዋሽንግተን እና በፕሪንስ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ባርኔጣውን ይዞ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደቡብ የሚያይ፣ ከነሐስ የተሠራ የደቡብ ጦር ወታደር ቆሞ ነበር። ልጅ ሳለሽ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ሰውዬው ለምን አዘነ?» ብትዪኝ፣ በጦርነት ስለተሸነፈ ነው አልሁሽ። «ለምን ተዋጋ?» ስትዪኝ ግን መብራቱ አረንጓዴ ሆነና መልሱን ሳልሰጥሽ ነዳሁ። በ1889 የቆመው ያ ሐውልት በ2020 ተነሥቷል፤ ያን ጊዜ ያልመለስሁልሽ ጥያቄ ግን ይኸው ካደግሽ በኋላ ተመልሶ መጣ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

አዛውንቱ ዋሹሽ አልልም፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው የነገሩሽ። ነገር ግን «መብት» ሲባል ምን የማድረግ መብት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ይህንንም እኔን ወይም እሳቸውን ከመጠየቅ፣ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ሰዎች ራሳቸው በጊዜው ጽፈው የተዉትን ማንበብ ይሻላል። ሳውዝ ካሮላይና በዲሴምበር 20 ቀን 1860 ከኅብረቱ፣ ከአሜሪካ ግዛቶች አንድነት፣ ስትወጣ ምክንያቷን በጽሑፍ አወጣች፤ ከክሶቿ ዋነኛው የሰሜን ግዛቶች ያመለጡ ባሪያዎችን ይዘው አልመለሱልንም የሚል ነው። እዚህ ላይ ልብ በይ፣ ልጄ፤ በደል ተብሎ የተጻፈው የሰሜን ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ አውጥተው ሰው አሳልፈን አንሰጥም ማለታቸው ነው። ነገሩ የግዛት መብት ቢሆን ኖሮ የሰሜኗ የማሳቹሴትስም መብት በተከበረ ነበር። ሚሲሲፒ ደግሞ አቋማችን ከባርነት ሥርዓት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ ነው፣ ባርነትም በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጥ የሀብት ጥቅም ነው ስትል ያለ አንዳች መሸፋፈን ጻፈች። የተገነጠሉት ግዛቶች ያቆሙት የአዲሱ መንግሥት፣ የኮንፌዴሬሽኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 21 ቀን 1861 ሳቫና ከተማ ላይ ባደረገው ንግግር፣ የመንግሥታቸው የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አይደለም፣ ባርነትም የተፈጥሮ ሁኔታው ነው የሚለው «ታላቅ እውነት» መሆኑን አወጀ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው «የማዕዘን ድንጋይ» የሚለው ቃል ለዚህ ነገር መዋሉ ባነበብሁት ቁጥር ያመኛል።

አገሪቱ እዚህ የደረሰችው በአንድ ቀን አይደለም። የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ደቡቦቹ እንዳይወጡ ሲባል አምስት ባሪያዎች እንደ ሦስት ሰው ተቆጥረው ለጌቶቻቸው የምክር ቤት መቀመጫ እንዲጨምሩላቸው ተደረገ፤ ያመለጠ ባሪያም ለጌታው እንዲመለስ ተደነገገ። ያን ጊዜ ብዙዎች ባርነት ቀስ በቀስ በራሱ ጊዜ ይከስማል ብለው ያምኑ ነበር። በ1793 ግን ጥጥን ከፍሬው በፍጥነት የሚለይ መዳመጫ መጣና ስሌቱን ሁሉ ገለበጠው። የጥጥ እርሻ ወደ ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ሲስፋፋ የባሪያ ዋጋ ናረ፤ ትምባሆ መሬቷን ያደከመባት ቨርጂንያም ሰው ወደ ደቡብ የምትሸጥ ግዛት ሆነች።

ይህ ንግድ ከቤታችን የራቀ አልነበረም። ዱክ ጎዳና ላይ ቁጥር 1315 የሆነውን ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከ1828 ጀምሮ ፍራንክሊን እና አርምፊልድ የተባሉ ሁለት ነጋዴዎች በዚህ ቤት ሰው እየገዙ፣ በግንብ በታጠረ ግቢ እያከማቹ፣ በራሳቸው መርከቦች ወደ ኒው ኦርሊንስ ያጋዙ ነበር፤ ከፊሉንም በሰንሰለት አስረው በእግር ሚሲሲፒ ውስጥ ወዳለችው ናችዝ ይነዱት ነበር። ከላይኛው ደቡብ ወደ ታችኛው ደቡብ በዚህ መልክ የተጋዘው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ነው። ከዚያ በር ፊት ለፊት ተሳፋሪ ባወረድሁ ቁጥር የማስበው፣ በግቢው ውስጥ ሆና ነገ ከልጇ ጋር በአንድ መርከብ ትሳፈር ወይም ለየብቻ ይሸጡ እንደሆነ የማታውቀውን እናት ነው። በ1860 በባርነት ያለው ሕዝብ አራት ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ በሳውዝ ካሮላይናና በሚሲሲፒ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ባሪያ ነበረ።

ሰሜኑ ንጹሕ ነበር እንዳትዪኝ። የደቡቡን ጥጥ የሚፈትለው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ ነበር፤ ብድሩንና ኢንሹራንሱንም የሚሰጠው የኒው ዮርክ ነጋዴ ነበር። ሁለቱን ወገን ያጋጨው በአዲሶቹ መሬቶች ላይ ባርነት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ጥያቄ ነበር፤ መሬቱን የያዘ ኮንግረሱን ይይዛልና። በ1820 ባርነት የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን መሬት የሚለይ መስመር በካርታ ላይ አስምረው ተስማሙ፤ ከሜክሲኮ ሰፊ መሬት በተወሰደ ጊዜም በ1850 እንደገና ተደራደሩ። በዚህ ሁለተኛው ድርድር ደቡቦቹ ያገኙት ያመለጡ ባሪያዎችን የሚያስይዘው ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ የተያዘው ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም፤ ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ለጌታው ቢመልስ አሥር ዶላር፣ ቢለቅቀው አምስት ዶላር ይከፈለው ነበር።

ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ ከልቤ የማይወጣው የአንቶኒ በርንስ ነው። ጌታው የእኛዋ የአሌክሳንድርያ ነጋዴ ነበር። በርንስ በ1854 መጀመሪያ ከሪችመንድ በመርከብ ተደብቆ ሰሜን ወዳለችው ቦስተን ገባና በልብስ መሸጫ ሱቅ ተቀጠረ። ናፍቆት አላስቀምጥ ብሎት በባርነት ላለው ወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው በጌታው እጅ ወደቀና ያለበት ታወቀ። በሜይ 24 ምሽት ከሥራ ሲመለስ በስርቆት ተጠርጥረሃል ብለው ያዙት። የቦስተን ሰዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ሊያስፈቱት የፍርድ ቤቱን በር ሰብረው አንድ ጠባቂ ሞተ፤ በርንስ ግን አልወጣም። በጁን 2 ቀን ወታደሮች ግራና ቀኝ አጅበውት፣ ሃምሳ ሺህ ያህል ሕዝብ በመንገድ ዳር እያየ፣ ወደ መርከብ ተወሰደ። ነዋሪዎች መስኮታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑ፤ በአንዱ ሕንጻ ላይም «ነፃነት» ተብሎ የተጻፈበት የሬሣ ሣጥን ተሰቀለ። በጥጥ ጨርቅ ንግድ የከበረው አሞስ ሎውረንስ፣ ማታ ለዘብተኞች ሆነን ተኝተን ጠዋት በባርነት ላይ የተቆጣን ሰዎች ሆነን ነቃን ሲል የጻፈው ስለዚህ ሳምንት ነው። እስከዚያች ሳምንት ድረስ ባርነት ለቦስተን ሰው የሩቅ አገር ነገር ነበር።

በዚያው በሜይ ወር ኮንግረስ የ1820ውን መስመር ሽሮ፣ ካንሳስ በተባለችው አዲስ መሬት ባርነት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው በነዋሪዎቿ ድምፅ ይወሰን አለ። ከሁለቱም ወገን ጠብመንጃ የያዘ ሰፋሪ ጎረፈ፤ ከሰሜን ለሄዱት ገንዘብ ካወጡት አንዱ ይኸው ሎውረንስ ነበር፤ ከተማቸውንም በስሙ ጠሩለት። በሜይ 1856 ያቺ ከተማ በባርነት ደጋፊዎች ተዘረፈች። በማግስቱ ዋሽንግተን ውስጥ የሳውዝ ካሮላይናው እንደራሴ ፕሬስተን ብሩክስ፣ ሴኔት አዳራሽ ውስጥ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ የነበረውን የማሳቹሴትሱን ቻርለስ ሰምነርን ራሱን እስኪስት በከዘራ ደበደበው። ከድብደባው ይልቅ የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ከደቡብ ብዙ ሰው ለብሩክስ አዲስ ከዘራ ላከለት፤ መራጮቹም ወደ መቀመጫው መለሱት።

ከፖለቲካው አስቀድሞ አብያተ ክርስቲያናት መከፈላቸውንም አትርሺ። ሜቶዲስቶች በ1844 የተለያዩት አንድ የጆርጂያ ጳጳስ ባሪያ ይዞ በጵጵስናው ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም በሚል ነው፤ ባፕቲስቶችም በዓመቱ ተከተሉ። አብረው የሚጸልዩ ሰዎች ሲለያዩ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድሬድ ስኮት የተባለ ባሪያ ነፃነቱን ለማግኘት ባቀረበው ክስ ላይ ጥቁር ሰው የዚህ አገር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ አብርሃም ሊንከን ከአሥሩ የደቡብ ግዛቶች አንድም ድምፅ ሳያገኝ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሊንከን ባርነት ባለበት ግዛት አልነካውም፣ ወደ አዲስ መሬት ግን አይስፋፋም ነው ያለው፤ ደቡቦቹ ይህን እንኳ መታገሥ አልቻሉም። ስለዚህ ለጓደኛሽ አያት ልስማማላቸው የምችለው ነገር አለ፤ ሰሜኑ በ1861 የዘመተው ባሪያ ነፃ ለማውጣት ሳይሆን ኅብረቱን ለማዳን ነበር። ደቡቡ ግን የወጣው ባርነትን ለመጠበቅ ነው፤ ይህ በገዛ ብዕራቸው የተጻፈ ነው።

የጦርነቱን ዓላማ ከቀየሩት መካከል ባሪያዎቹ ራሳቸው ግንባር ቀደም ናቸው። በሜይ 1861 ሦስት ሰዎች ሌሊት በጀልባ ተሻግረው እዚሁ ቨርጂንያ በሰሜን ጦር እጅ ወደነበረው ፎርት ሞንሮ ምሽግ ገቡ፤ አዛዡም አልመልስም አለ። ወሬው እንደተሰማ በመቶ፣ ኋላም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተከተላቸው። የሰሜን ጦር አሌክሳንድርያን የያዘው በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ነው፤ በርንስ ከተያዘ ልክ በሰባተኛ ዓመቱ። በርንስ በሰዎች መዋጮ ነፃነቱ ተገዝቶለት፣ ተምሮ ፓስተር ሆኖ ነበር፤ በ1862 ካናዳ ውስጥ ሲሞት ገና ወጣት ነበር። በ1863 የሊንከን የባሪያዎች ነፃነት አዋጅ ወጣ፤ 180 ሺህ ያህል ጥቁሮችም ለኅብረቱ ጦር ዘመቱ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ከ620 ሺህ የማያንስ ወታደር አልቆ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የሰውን አገር ኃጢአት ቆጥሬ የራሳችንን ብሸሽግ አባት አልባልም። በእኛ አገር ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው፤ ከዚህ አገር 77 ዓመት ዘግይቶ። አያቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ያደገች፣ እኔንም አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ነበረች፤ ልጇ ለጋብቻ ስትታሰብ ሽማግሌዎች አጥንት ቆጥረው ነገሩን አፈረሱት። እኔ ያን ጊዜ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እናትየው ያን ቀን ቡና አፍልታ ለሽማግሌዎቹ ስታቀርብ ፊቷን ቀና አላደረገችም። እኔም ምንም አላልሁም።

ከደቡብ ዋሽንግተን ጎዳና ጫፍ፣ ከአውራ ጎዳናው ድልድይ አጠገብ ያለውን ቦታ አታውቂው ይሆናል። ከባርነት አምልጠው አሌክሳንድርያ ከደረሱት መካከል በበሽታና በእጦት የሞቱት ከ1864 ጀምሮ የተቀበሩት እዚያ ነው፤ ቁጥራቸው 1,700 ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላይ ልጆች ነበሩ። ጥቁር ወታደሮችም መጀመሪያ እዚያ ይቀበሩ ነበር። በዲሴምበር 1864 በከተማው ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ 443 ጥቁር ወታደሮች፣ እኩል እየተዋጋንና እኩል እየሞትን በመቃብር ልንለይ አይገባም ብለው ፈርመው አቤት አሉ፤ ተሰማላቸውና የጓዶቻቸው አስከሬን ወደ ወታደሮች መቃብር ተዛወረ። ሲቪሎቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ መቃብሩም ተረሳ፤ በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራበት።

ታክሲ በጀመርሁባቸው ዓመታት እኔ ራሴ እዚያ ነዳጅ ቀድቻለሁ። አንቺ ከኋላ ወንበር ተኝተሽ፣ እኔ ከእግሬ በታች ማን እንዳለ ሳላውቅ ቆሜ ቁጥሩ ሲዞር አይ ነበር። ማደያው ፈርሶ ቦታው በ2014 መታሰቢያ ሆነ፤ የሟቾቹም ስም ተዘርዝሮ ተጽፏል። ፈተናሽን ጨርሰሽ ስትመጪ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ስሞቹን አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ የእኔ ዓይን ትንንሹን ጽሑፍ አያይልኝምና። ጓደኛሽም መምጣት ከፈለገች ትምጣ፤ አያቷም ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ መኪናው ይበቃናል።

አባትሽ