ስለ ሚድዌይ ስታዲየም

ለምወድህ ልጄ ማሙሽ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ትንሹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስልክ ላይ «ሐምሌ ላይ ስንመጣ ልጄን ሚድዌይ ወስጄ ቤዝቦል አሳየዋለሁ» ስትለኝ መልስ አጣሁ። አንተ ከሴንት ፖል ከወጣህ በኋላ እኮ ተዘጋ። የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ሴንትሶች በፈረንጆቹ 2014 የመጨረሻ ጨዋታቸውን እዚያ ተጫውተው መሀል ከተማ ወደተሠራላቸው አዲስ ስታዲየም፣ ሲኤችኤስ ፊልድ ገቡ። ሚድዌይ ፈረሰ፣ ቦታው ላይም መጋዘንና ቢሮ ተሠራበት።

መቼም ያ ስታዲየም ውበት ነበረው ብዬ አልዋሽህም። ከሜዳው አጥር ማዶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚለማመዱበት ግንብ ተገትሯል፣ ከጎኑ የባቡር ሐዲድ። ጨዋታው ጦፎ ሳለ የጭነት ባቡር ጡሩንባውን እየነፋ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ አንተ ደግሞ ጨዋታውን ትተህ ፉርጎ መቁጠር ትጀምራለህ። እኔማ ሕጉ ዛሬም አልገባኝም። ሌሊቱን አዛውንት ስንከባከብ ላደርኩት ለእኔ ግን ሰዓት የማይቆጠርበት ጨዋታ ደግ ነበር፤ ማንም ተነሺ ሳይለኝ እዚያ አግዳሚ ላይ እግሬን ዘርግቼ እቀመጥ ነበር።

ያኔ ሴንትሶች የማንም ትልቅ ክለብ ጥገኛ አልነበሩም፤ ሰው የሚመጣላቸው ራሳቸው ሲስቡት ብቻ ነው። ስለዚህ ያላመጡት ነገር የለም። መቀመጫው መሀል ፀጉር የሚቆረጥ ሰው ታያለህ፤ አንዲት መነኩሲት ደግሞ የተመልካቹን ትከሻ ያሻሉ! አሳማውስ? ለዳኛው ኳስ ተሸክሞ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁ ቀን በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። አንተ ልንካው ብለህ ስታለቅስ እጅህን ይዤ ቀረሁ። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች ልጁ ፈርቶ ነው ብለው አዘኑልህ።

ትልልቅ ስሞችም አልፈውበታል። በ1996 በዋናው ሊግ ዝነኛ የነበረው ዳሪል ስትሮውቤሪ እኛ ጋ ተጫውቶ፣ በዚያው ዓመት የኒውዮርኩ ቡድን ያንኪስ ገብቶ ዋንጫ በላ። በ1997 ደግሞ ኢላ ቦርደርስ የምትባል ልጅ ከወንዶች ጋር ተሰልፋ ለሴንትስ ኳስ ወረወረች። እሷን ሳስብ እስከዛሬ ደስ ይለኛል።

ትዝ የሚለኝ ይበልጥ ፓርኪንጉ ነው። ሰው በጊዜ መጥቶ ከመኪናው ኋላ ሥጋ ይጠብሳል፣ ኳስ ይቀባበላል። እኛም ቆሏችንን፣ ዳቦአችንንና ቴርሞሳችንን አውጥተን እንቀመጣለን። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ ግን ፈተና ነበር፤ በየአቅጣጫው የሆት ዶግ ጭስ፣ አባትህ ደግሞ ሽንብራ እየቆረጠመ በረጅሙ ይተነፍሳል።

አዲሱን ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ መቀመጫውም ይመቻል። ከ2021 ወዲህ ቡድኑ ለሚኒሶታው ትልቅ ክለብ ለትዊንስ ወጣት ተጫዋቾችን ያሳድጋል፤ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚያንሰው። ሚድዌይ እንደነበረው ያለ ሰፊ ፓርኪንግ ግን የለም፤ ቆሎ ይዞ የሚቀመጡበት ቦታ ሳያስቡ ስታዲየም መሥራት ምን ይሉታል?

ስትመጡ እዚያ እንሄዳለን፤ ትኬቱን አንተ ቁረጥ፣ ከጥላው በኩል ይሁን። አሳማው እዚያም አልቀረም፤ ትንሹ ልንካ ካለ አንተው ተወጣው።

አክባሪህ ሳልሆን ናፋቂህ፣
እናትህ