ዳሱ ውስጥ ስላሉት እናቶች

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ከደሴ የመጣውን የ8 ሚሊ ሜትር የሠርግ ፊልም ላድስ ይዤ ሰነበትኩ። ደጅ የተቀረጸው ላይ የጦሳ ተራራ ከጀርባ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዳሱ ውስጥ ግን ድፍን ጨለማ ነው። እናቶቻችን እዚያ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው የለም።

እባካችሁ ቸኩላችሁ ኮምፒውተር ላይ ብርሃኑን አትጨምሩ። በ8 ቢት የተቀዳ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ በ10 ቢት 1,024። ጥላው ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ወደ ብርሃን ሲጎተት መስመር መስመር ሆኖ ይሸነታተራል። ደግሞ ይህ ፊልም ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጥላው የተገለበጠ) ሳይሆን ሪቨርሳል (ምስሉ በቀጥታ የሚታይበት) ነው። ጨለማው የፊልሙ ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ነውና የስካነሩ ብርሃን በደንብ አያልፈውም። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ከመታገል፣ የስካነሩን ብርሃን ጨምሮ ድጋሚ ስካን አስደርጎ ሁለቱን ስካኖች ማዋሃድ ይሻላል። እንዲያ ሳደርግ የአንዲት እናት ሹሩባ፣ ቀጥሎም ጀበናው ብቅ አለ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ጋማውን (የመካከለኛውን ብርሃን ማስተካከያ) በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አድርጉ። ሊፍቱን (የጥቁሩን ማስተካከያ) ከነካችሁ ጥቁሩ አመድ ይመስላል። ኖይዙ (ስካነሩ የሚጨምረው ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ) ሰማያዊው የቀለም ቻናል ላይ ይበዛል፤ እሱን ስታጸዱ የፊልሙን ግሬይን (የራሱን ቅንጣት) አብራችሁ አትጠቡት።

ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁ፣ ጥቅልላችሁን ለስካን ስትሰጡ ቢያንስ 10 ቢት ይሁንልን በሉ።